በፓኬቱ ላይ ያለችው ቀጭን ሴት እኔ አይደለሁም

ያንን ፎቶ ማን አነሳው?

ራሴን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ፤ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ስትሰሙት «በቃ አንዱ በስልኩ አንስቶሽ ይሆናላ» ትላላችሁ። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ነበር ያልሁት። ቆዩኝማ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ኑዛዜ።

እዚህ ገጽ ላይ «እንዴት አማረብሽ» እያላችሁ የልብ ምልክት ስታፈሱላት የከረማችሁት ቀጭን ሴት እኔ አይደለሁም። ይህን ከመጻፌ በፊት አውርጃታለሁ፤ ፈልጋችሁ አትድከሙ።

ፊቱ የኔ ነው። ሹራቡም የኔ ነው። ሴትዮዋ ግን ሌላ ናት።

ለማታውቁኝ፦ ወረታ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ ነው። ዘግይቶ ማንበብ የጀመረ ሰው የረሃብተኛ ጠባይ አለው፤ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። እኔ የዘይት ጀሪካን አነባለሁ። የሳሙና መጠቅለያ አነባለሁ። የብስኩት ፓኬት ጀርባ ላይ ያለችውን ጉንዳን የምታህል ጽሑፍ ካላነበብሁ ብስኩቱ አይወርድልኝም። ኮመንታችሁን እያረምሁ ስንቶቻችሁን እንዳስቀየምሁ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት በፓኬት የተዋረደችው።

ነገሩ የጀመረው ጤና ጣቢያ ነው። ግፊቴን የለካችው ነርስ «እናቴ፣ ጨው ቀንሺ፣ በእግርሽም ሂጂ» አለችኝ። ከግፊቱ ይበልጥ «እናቴ» ማለቷ አመመኝ። ያም ሆነ ይህ ስኒከር ገዛሁ። ጨው ቀነስሁ፤ የገዛ ቤቴ ምግብ የሰው ቤት ምግብ መሰለኝ። ሩዝ ቀነስሁ፤ ፎገራ ተቀምጦ ሩዝ መቀነስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማለዳ ማለዳም ከከተማው ወጥቼ፣ በሩዝ ማሳዎቹ መካከል ባለው የእግር መንገድ መሄድ ጀመርሁ።

ለውጥ አየሁ? አዎ። መሰላል ላይ ወጥቼ የላይኛውን መደርደሪያ ሳጸዳ ማለክለክ ተውሁ። ሆዴ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ስለ መሰላሉ ፖስት አድርጌ ነበር፤ ላይክ ያደረገው ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ሜዳችንን ታውቁታላችሁ። ሩዙ ሲያሽትና ብርድ ሲገባ፣ ጉም ከመሬቱ ይነሣና ሰው ወገብ ላይ ይቆማል። ከብቶቹ እግር የሌላቸው ይመስላሉ። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚመጣው ጭንቅላቱ ነው። ድምፅም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ወፍ የሚያባርሩት ሰዎች ጅራፍ ከሩቅ ጮኾ ጆሮ ሥር ይሰማል።

ደስ ይለኝ ነበር። ብቻዬን ነበርሁ። ብቻዬን መሆኔንም እርግጠኛ ነበርሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ሱቅ በር ላይ ተሰቅዬ አገኘሁት፣ ራሴን።

ፖስተር ነው። በውኃ እየተበጠበጠ የሚጠጣ ዱቄት ማስታወቂያ። ስሙን አልጽፍም፤ በነፃ ላስተዋውቅላቸው አልፈልግም። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን፤ በግራ «በፊት»፣ በቀኝ «አሁን»፣ መካከላቸው አረንጓዴ ቀስት። በግራ ያለችው እኔ ነኝ፣ እንዳለሁ፣ ከነሆዴ። በቀኝ ያለችውም እኔው ነኝ፣ ግማሼ ተወስዶ። ጉንጯ ገባ ያለ፣ አንገቷ የረዘመ፣ ወገቧ በሁለት መዳፍ የሚያዝ።

ከሥር በትልልቁ፦ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ! ስኳር ያልተጨመረበት! የጾም!»

ገብቼ ዱቄቱን አነሳሁ፤ ፓኬቱም ላይ ያው ሁለቱ ፎቶ አሉ። ገለበጥሁት። ስኳር ያልተጨመረበት የሚለው፣ በቃል ደረጃ፣ ልክ ነው። ስኳር የሚል ቃል የለበትም። ያለበት የሩዝ ሽሮፕ፣ የቴምር ሽሮፕ፣ የደረቀ ማር ነው። ስኳሩ ስሙን ቀይሮ ገብቷል። የገዛ ሩዛችን ፈልቶ፣ ጣፍጦ፣ መድኃኒት መስሎ ተመልሶ ይሸጥልናል።

ይህን ሁሉ እዚያው እንደቆምሁ አወቅሁ። ልብ በሉልኝ። አላወቅሁም ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም።

ባለሱቁ ፓኬቱን አየ፣ እኔን አየ። «እትዬ፣ አንቺም ትገዣለሽ እንዴ? እኔ በነፃ የሚሰጡሽ መስሎኝ» አለኝ።

በማግሥቱ ለስፖርት መምህራችን ለደሴ ፖስተሩን በስልኬ አንስቼ አሳየሁት።

«ቀጭኗማ ቀላል ናት፣ እትዬ ስንዱ» አለ። «አሁን ስልክ የማይሠራው የለም። እኔን በሬ ላይ አስቀምጦ ባሕር ዳር ያስገባኛል።»

«ወፍራሟንስ?»

«እሷማ አንቺ ነሽ።»

ችግሩም እሱ ነው።

ወፍራሟ እኔ ነኝ። ማሳው መካከል ቆሜያለሁ፤ ጉሙ ወገቤ ድረስ ነው። ፎቶው የተነሣው ፊት ለፊት ነው፤ እጅ ቢዘረጋ ጉንጬን የሚነካበት ያህል ከቅርብ። እና ፈገግ ብያለሁ። ያ ፈገግታ ለመንገደኛ የምሰጠው አይደለም። የምወደው ሰው ሳላስበው በር ከፍቶ ሲገባ የሚመጣብኝ ነው።

እዚያ መንገድ ላይ ለማንም ፈገግ ብዬ አላውቅም። ማንም አልነበረማ።

«ከሌላ ፎቶሽ ወስደው ይሆናል» አለ ደሴ።

«ሹራቡን በቅርቡ ነው የገዛሁት። ለብሼው ፎቶ ተነሥቼ አላውቅም።»

ደሴ ስልኬን መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ማለዳ አብረን እንሂድ ባልሁት ቁጥር ጉልበቱን ያመዋል። የስፖርት መምህር ነው እኮ።

ታዲያ ለምን አልጮህሁም? ለምን አልከሰስሁም? ለምን ቢያንስ እዚህ አልጻፍሁም?

ቀጭኗ ታምራለቻ።

ሳቁ እንግዲህ። ከፖስተሩ ላይ ቆርጬ ፕሮፋይሌ ላይ ያደረግኋት እኔው ነኝ። ምንም አልጻፍሁባትም። አንድ የውሸት ቃል አልወጣኝም። ዝም ብዬ ለጠፍኋት፤ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። «ዋው»፣ «ሚስጥሩን ኢንቦክስ»፣ «እኔም ከዛሬ ጀምሮ»። ስንት ዓመት መጽሐፍ ሳውሰው ቀና ብሎ ያላየኝ ሰው ሁሉ አየኝ። አንዳንዶቻችሁ ዱቄቱን ገዛችሁ። አውቃለሁ፤ ፓኬቱን ይዛችሁ የተነሣችሁትን ፎቶ ላካችሁልኝ።

ላይክ አደረግሁላችሁ።

ከዚያ ቀጭኗ ከተማውን ሞላችው። ባጃጅ ጀርባ ላይ ተቀምጣ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። ፀጉር ቤት በር ላይ አለች። በመጨረሻም የማለዳ መንገዴ ዳር ባለው የመብራት እንጨት ላይ ተለጠፈች፤ በጉሙ ውስጥ ቀድማ የምትታየኝ እሷ ሆነች። ወረቀቱ በጤዛ በራሰ ቁጥር ጉንጯ ይበልጥ ይገባል። ከቀን ወደ ቀን ትከሳለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሳልፋት «እንዴት አደርሽ» እላት ጀመር።

አንድ ማለዳ፣ ማማ ላይ ሆና ወፍ የምትጠብቅ ሴት ከላይ ጠራችኝ።

«እታለም፣ ምን ረስተሽ ተመለስሽ?»

«አልተመለስሁም። መምጣቴ ነው።»

«ቅድም አልፈሽ የለም እንዴ? ሰላምታዬን እንኳ ሳትመልሽ።»

«እኔ አይደለሁም።»

ጎንበስ ብላ ከራሴ እስከ ጉሙ ድረስ አየችኝ። «እውነትም» አለች። «እሷ ቀጠን ያለች ናት።»

ከዚያ ጅራፏን አጮኸች። ወፎቹ እንደ አንድ ጨርቅ ተነሡ። የዚያ ዕለት የጤና እርምጃዬ በሩጫ ተጠናቀቀ፤ ወደ ቤት። ግፊቴ ስንት ደርሶ እንደነበር አትጠይቁኝ።

እስከዚህ ድረስ ልትስቁብኝ ትችላላችሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን አያስቅም።

ይፋግ አጠገብ ያሳደጉኝ አክስት አሉኝ፣ እትዬ ዘርፌ። የቄስ ባለቤት ነበሩ፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ማንበብ አይችሉም። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ልማር ስል መንደሩ ሲስቅብኝ ግን «ሂጂ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ሳልጠይቃቸው ከርሜ፣ በገበያ ቀን ሄድሁ።

በር ላይ ቆመው አላወቅኋቸውም።

ነጠላው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ጉንጫቸው ገባ ያለ፣ አንገታቸው የረዘመ። ሥጋ ዘመድ ነንና ድሮም እንመሳሰላለን፤ አሁን ግን የሚመስሉት እኔን አይደለም። እሷን ነው። ፖስተሩ ላይ ያለችው ሴት አርጅታ፣ ነጠላ ለብሳ፣ በር ከፍታ የምታየኝ መሰለኝ።

እሳቸው ደግሞ እኔን ሲያዩ አለቀሱ። ክንዴን ይዘው እንደ ዱባ ጫን ጫን አደረጉት።

«ተረፍሽልኝ» አሉ። «ስንዱዬ፣ ተረፍሽልኝ። እንዲያ ሁነሽ ስትማቅቂ ለኔ አይነገርም? ብትነግሪኝ ወንዛዬ ወስጄ ፍል ውኃው ውስጥ አስገባሽ አልነበር?»

ግድግዳው ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ፣ የፓኬቱ ፊት ተለጥፏል።

ቀስ ብሎ ገባኝ። እኛ ዘንድ «ከሳሽ» ምስጋና አይደለም። ምን ነካሽ፣ ማን ሞተብሽ ማለት ነው። ደህና የሆነ ሰው ይወፍራል። ስለዚህ እትዬ ዘርፌ ሁለቱን ፎቶ ሲያዩ ያዩት ግልጽ ነው፦ ቀጭኗ በሽተኛ ናት፣ ወፍራሟ የዳነችው። ቀስቱ ጌጥ ነው። ዱቄቱም የከሳ የሚያወፍር ነው። ምስክሯ ደግሞ የገዛ ልጃቸው፤ ጸበል ላይ የተፈወሰ ሰው ቆሞ እንደሚመሰክረው ፊቷን ለሰው ሁሉ አሳይታለች።

«እኔም መክሳቴን ሳይ፣ አንቺን ያዳነ እኔንም አያቅተው ብየ ያዝሁት» አሉ። «ጧት ማታ ነው የምጠጣው። ደግሞ ይጣፍጣል።»

«ሐኪም ቤትስ ሄደዋል?»

«ሂጀ ነበር። ስኳር ነው ብለው ክኒን ሰጡኝ። ይኸን ካገኘሁ ወዲህ ክኒኑን ተውሁት። ባለሱቁ አንብቦልኛል፣ ስኳር የለበትም ይላል።»

ይህን እያወሩኝ ውኃ ጠጡ። እንስራው አጠገባቸው ነው። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ እንደገና ቀዱ። ከንፈራቸው ግን ደረቅ እንደሆነ ነው።

አፌን ከፈትሁ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼው ነበር።

በዚያች ቅጽበት ጎረቤቶች ገቡ። የዳነችውን ሊያዩ ነው የመጡት። አንዷ ጎኔን ቆንጠጥ አድርጋ «እሰይ፣ ገላ ማለት እንዲህ ነው» አለች። ሌላዋ «ዞር በይ እስቲ» አለችኝ። ዞርሁ። «በስንት ጊዜ ነው እንዲህ የሞላሽ?» አለች።

የሰው ነጥብና ሰረዝ የማርመው እኔ፣ ፈገግ አልሁ።

እትዬ ዘርፌ በሁሉም ፊት «ለኅዳር ማርያም ጣራ ገዳም እወጣለሁ» አሉ። «ልጄን ካዳንሽልኝ በእግሬ፣ በጾም አፌ ብየ ተስያለሁ። ጥላውም ተገዝቷል።»

ስለት። ላልታመመ ሰው። በዚያ ሰውነት፣ ያለ ክኒን፣ ያለ እህል፣ ተራራ።

«እርስዎ ይድከሙ? ይቅርብዎት» አልሁ። የወጣኝ ይህ ብቻ ነው። «ስለት ይቀራል እንዴ» ብለው ገላመጡኝ፤ ጎረቤቶቹም አብረው ገላመጡኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ የምነግራቸውን በልቤ ጻፍሁት። አረምሁት። ደግሜ አረምሁት። በጣም ጥሩ ንግግር ነበር። ቤት ገብቼ ደወልሁና «እንዴት አመሹ፣ ላሟስ ወለደች?» ብዬ ዘጋሁ። ክኒኑን ይዋጡ ልላቸው እንኳ ፈራሁ። «ዱቄቱ እያለ ለምን?» ቢሉኝ ሁሉንም መናገር ሊሆንብኝ ነው። ሁሉንም ማለት ደግሞ የናንተን ልብ ሁሉ፣ የናንተን «ዋው» ሁሉ ማለት ነው።

ኅዳር ማርያም ዛሬ ነው።

ጧት ተነሥቼ ሄድሁ። ከተራራው ሥር ስደርስ ነጭ የለበሰ ሰው ወደ ላይ ይተማል። ጉሙ ከሜዳው ተከትሎን ወጥቷል፤ ከፊት የሚሄዱት ሰዎች እየነጡ እየነጡ ይጠፋሉ። እትዬ ዘርፌን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አገኘኋቸው፣ የስለቱን ጥላ እንደ ሕፃን ታቅፈው።

«መጣሽ?» አሉ። «እግሬ እምቢ አለኝ። ዓይኔም ብዥ ይልብኛል። አንቺን ራሱ ሁለት አድርጎ ነው የሚያሳየኝ።»

ከጉያቸው የላስቲክ ጠርሙስ አወጡ። ዱቄቱን በጥብጠው ይዘውት ወጥተዋል።

«ከቅዳሴ በኋላ ብየ ነበር ያቆየሁት። ጾሜን መግደፌ ነው፣ እመቤቴ ይቅር ትበለኝ። ትንሽ ቀምሸ ብርታት ላግኝ።»

ጠርሙሱን ከነእጃቸው ያዝሁት። ከዚያ ሁሉ የታረመ ንግግር አንድ ቃል አልመጣልኝም።

«አልታመምሁም» አልሁ።

«እ?»

«እትዬ፣ አልታመምሁም። ቀጭኗ እኔ አይደለሁም፤ በማሽን ነው የሠሯት። በፊትም አሁንም ያለሁት ወፍራሟ ነኝ። ዱቄቱን ቀምሼው አላውቅም። ስኳር ነው። ስሙን ለውጠውት ነው እንጂ ስኳር ነው። ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ አንብቤዋለሁ፣ ሳውቅ ነው ዝም ያልሁት።»

ጮክ ብዬ ኖሯል። መንገደኛው ቆመ። አንዲት ሴት «ያቺ የፓኬቷ አይደለችም?» አለች። አጠገቧ ያለችው «ምነው ታዲያ ምንም አልከሳች» አለች። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ያስተያየን ጀመር፣ እኔንና እኔን። ወፍራም መሆኔ በተራራ ወገብ ላይ፣ በብዙ ምእመን ፊት ተጣርቶ ጸና። ነገ እዚህ ቪዲዮው ቢወጣ አትገረሙ።

እትዬ ዘርፌ አንዳቸውንም አልሰሙም።

«አንድ ቀንም አልታመምሽ?»

«አንድ ቀንም።»

«ታዲያ ያቺ ከእንቅልፌ እየተነሣሁ ሳለቅስላት የከረምሁ ልጅ ማን ናት?»

«ማንም አይደለችም። የለችም፣ እትዬ።»

ከትከሻዬ በላይ ወደ ጉሙ አዩ። ቆይተው አዩ፤ ሰው እንደሚያዩ ነው የሚያዩት። እኔ ዞሬ ላለማየት ጥርሴን ነከስሁ።

«ምስኪን» አሉ በመጨረሻ። «እንዲያ ከስታ፣ የሚጸልይላት እኔ ብቻ ነበርሁ ማለት ነው።»

ጠርሙሱን ለቀቁልኝ። ደፋሁት። እትዬ ዘርፌም ጥላውን «አልከሳችም» ላለችው ሴት ሰጡና «ለእመቤቴ አድርሽልኝ» አሏት። «ላልታመመ ልጅም ይመሰገናል።»

ደግፌ አወረድኋቸው። ክብደት የላቸውም፤ ነጠላ የያዝሁ ነበር የሚመስለኝ። አዲስ ዘመን ከተማ ሐኪም ቤት ገባን። ሐኪሙ ለካ፣ እንደገና ለካ፣ ነርሷን ጠራ። ግሉኮስ አይደለም፣ ስኳር የሌለበት ሌላ ውኃ ነው ብለው ክንዳቸው ላይ ሰኩላቸው፤ መርፌም ታዘዘ። «በዚህ ሁኔታ ተራራውን ወጥተው ቢሆን» ብሎ ጀመረና እኔን አይቶ ተወው።

ከዚያ «እናት፣ ምን ነበር ሲጠጡ የከረሙት?» አላቸው።

እትዬ ዘርፌ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

«አንቺ ንገሪው» አሉ። «እኔስ አላፍርም። እውነት መናገር መልመድ ያለብሽ አንቺ ነሽ።»

ነገርሁት። ከነላይኩ።

አሁን እሳቸው ተኝተዋል፤ ይህን የምጽፈው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነው። ክኒን ትታችሁ ዱቄት የያዛችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ነገ ሳትሉ ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱ። በኔ ፊት አምናችሁ የገዛችሁትም፣ ስደቡኝ፤ ኢንቦክሱ ክፍት ነው።

እንግዲህ ለአክስቴ ነገርሁ፣ ለሐኪሙ ነገርሁ፣ ለእናንተ ሦስተኛዬ ነው። ይህ ነገር መቼ ነው የሚለመደው?